ለሽርሽር የወጣ ሸማች ማንን አምኖ ይግዛ?

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚያስገባው መንገድ የሽርሽርተኛም የሸማችም መንገድ ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ መመረጡ፣ የወንጪ-ደንዲ አካባቢም «በገበታ ለሀገር» መታቀፉ የሁለቱን ሐይቆች ስም ከፍ አድርጎታል። ከሐይቁ ማዶ በጀልባ ደርሶ የተመለሰ ከተሜ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መግባት አይወድም። ማር ይገዛል፣ ቅቤ ይገዛል፣ ድንችና ጤፍ ያስጭናል። ጥያቄው በምን ሒሳብ ይገዛል የሚለው ነው።

በመርካቶ አምስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ የሚያጣራ ነጋዴ ለዕረፍት ሲወጣ አንድም ቦታ ሳይጠይቅ ከፍሎ ይነሳል። ተመልሶ እንደማይመጣ ሻጩም ያውቃል። ይህ የአገራችን ሸማች ብቻ ጠባይ አይደለም። በታላላቆቹ የባሕር ሽርሽር መርከቦች ላይ ወደብ ከመደረሱ በፊት «እነዚህ ሱቆች ይመከራሉ» የሚል ዝርዝር ለመንገደኞች ይታደላል። ሱቆቹ በዝርዝሩ ለመግባት ገንዘብ እንደሚከፍሉ ልብ የሚለው መንገደኛ ግን ጥቂት ነው። የማስታወቂያው ወጪ ዞሮ ዞሮ ከዕቃው ዋጋ ላይ ይወጣል።

በእኛም መንገድ ሾፌር ወይም አስጎብኚ «ጥሩ ማር እዚህ ቤት ነው» ብሎ መኪና ሲያቆም፣ ኮሚሽን ካለበት ከፋዩ ሸማቹ ነው። ድለላ የተከበረ ሥራ ነው፤ ደላላ መሆኑ ያልታወቀ ደላላ ግን ገበያ ያበላሻል። ስለዚህ ሸማቹ ከቤቱ ሳይወጣ የአዲስ አበባውን ዋጋ ይዞ ይነሳ። መንገድ ላይ ሲደርስም ቢያንስ ሁለት ሦስት ሻጭ ይጠይቅ፤ ቢችል ጉዞውን ከከተማው የገበያ ቀን ጋር ያገጣጥም። ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ አዲስ አበባም ያው ነውና ቦታና ነዳጅ አያባክንበት።

ማር ላይ ሚዛን ይጠየቅ። ማር ከውሃ ስለሚከብድ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልቶ የጀሪካኑ ክብደት ሲቀነስ ሰባት ኪሎ ገደማ መድረስ አለበት። ከዚያ በብዙ ካነሰ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው። በሊትር የተጠራን ዋጋ ከአዲስ አበባው የኪሎ ዋጋ ጋር እንዳለ የሚያወዳድርም ይሳሳታል። የረጋን ማር «ስኳር አለበት» ብሎ መጣልም ስሕተት ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ስኳር መጨመሩን በጣት ወይም በክብሪት ማረጋገጥ አይቻልም፤ ይህን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው።

በሌላ በኩል፣ አትራፊ ሸማች መሆን ገበሬውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም መጭመቅ አይደለም። በዋጋ የተጨመቀ ሻጭ በሚዛን ወይም በጥራት ለማካካስ ይፈተናል፤ ለንጹሕ ማር ተገቢ ዋጋ ያገኘ ግን ለሚቀጥለው ዓመትም ንጹሑን ያመጣል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ተረት ለሰፋሪውም ለተሰፋሪውም ይሠራል።

የአካባቢው ነጋዴዎችና ማኅበራት ደግሞ ጎረቤታቸውን አምቦን ይመልከቱ። የአምቦ ውሃ የከተማዋን ስም ተሸክሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘለቀው ገዢው የትም ቢከፍተው ያንኑ ውሃ ስለሚያገኝ ነው። የወንጪና የደንዲ ማር ስም አለው፤ የጎደለው የታወቀ ሚዛን፣ የተለጠፈ ዋጋና የአምራቹ መለያ ነው። የማር ምርምር ማዕከል ያላት ሆለታ እዚያው መንገድ ላይ ስላለች ምክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሽርሽርተኛ ቢታለል የሚከስረው የአንድ ቀን ገንዘቡን ነው፤ የአገሩ ስም ከተበላሸ ግን ኪሳራው በገበያው ሁሉ ላይ ይወድቃል።