ባሏ የማያውቃት ልጅ

እኔ ሰሞኑን ለለቅሶ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ለቅሶው ቤት ከኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ብዙም አይርቅም። በሁለተኛው ቀን ይህን ዓምድ የምጽፈው እኔ መሆኔን አንዲት ጎረቤት እናት ሰሙና "ነይ እስቲ፣ ቤቴ ቡና ጠጪ" ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

አንጮቴ ከአይብ ጋር ቀረበልኝ። አጠገቤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደብተሯን ዘርግታ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትሠራለች። ስልክ ጮኸ፤ ከካናዳ ነው፣ በምስል። እማማ ስልኩን አዩና "ነይ፣ አክስትሽ ናት፣ ሰላም በያት" አሏት። ልጅቷም "አክስቴ፣ ደህና ነሽ?" ብላ ትንሽ ተጫወተችና መልሳ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"እናቴ እኮ ናት። ሰውየው አጠገቧ ካለ ግን አክስቴ ነው የምላት።"

አንጮቴው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ!

እማማ ሰምተዋል። ስልኩን ሲጨርሱ ልጅቷን ወደ ጓሮ ላኳትና ጉዳዩን ከሥሩ አጫወቱኝ። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ ታሪኩ ግን ይኸውላችሁ።

ልጃቸው 29 ዓመቷ ነው። ይህችን ልጅ የወለደችው በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የደምቢ ዶሎ ልጅ ነው። አልተጋቡም፤ "ሽማግሌ እልካለሁ" ይላት ነበር። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘጋ። እስከ መጋቢት ድረስ ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። ስልኩ ሲከፈት ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት ካናዳ ኤድመንተን ያለው ወንድሟ ሊያገባ ሲል ለሠርጉ ጠራት። የጉብኝት ቪዛ አገኘች፤ ስትገባም እንደተለመደው ስድስት ወር ተሰጣት። እዚያው ሠርግ ላይ አንድ የጊምቢ ልጅ አየችና ወደደችው፣ ወደዳትም። በስደት ገብቶ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ፣ ሥራ ያለው፣ ጨዋ ልጅ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች ከጊምቢ ነቀምቴ መጡ። ተጋቡ። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ሁለት ነገር ተረሳ… ወይም ተረሳ ተባለ። አንደኛው፣ ቪዛዋ ተቃጠለ። ሁለተኛው፣ ልጅ እንዳላት አልተነገረውም። "የእህቴ ልጅ ናት" አለችው። እህት የላትም እንዳይባል የምትሞግተውም አጎት ቤት ያደገች ዘመድ አለቻት።

አሁን ባልየው "ስፖንሰር ላድርግሽ፣ ወረቀትሽ ይስተካከል" ብሏል። ይሄኔ አንድ "አዋቂ ነኝ" የሚል ሰው መጣና ሁለት ምክር መከራት። አንድ፣ "ቪዛሽ ስለተቃጠለ ቶሎ አገርሽ ግቢና ከዚያ ይጀመር"። ሁለት፣ "ልጅ አለኝ እንዳትዪ፣ ጉዳይሽን ታወሳስቢያለሽ"።

ያን ማታ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። "እርስዎ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በየጊዜው ብዙ ስለምጠየቅ አንብቤያለሁ፤ ጠይቄያለሁም። የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው፤ የምትፈልጉት ብዙ ናችሁና።

መጀመሪያ ስለ ቪዛው። በካናዳ ጎብኚ የቆይታ ጊዜው ሲያልፍበት፣ ባለፈ በ90 ቀን ውስጥ "ይመለስልኝ" ብሎ ማመልከት ይችላል። የእሷ 90 ቀን አልፏል። ታዲያ አለቀላት ማለት ነው? አይደለም! እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2005 ጀምሮ በወጣ መመሪያ፣ ካናዳ ውስጥ ከዜጋ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካለው የትዳር ጓደኛ ጋር በእውነት አብሮ የሚኖር ሰው፣ ቪዛው ቢቃጠልበትም እዚያው ሆኖ ማመልከት ይችላል። ባልየው ለሦስት ዓመት "የሚያስፈልጋትን እኔ እችላለሁ" ብሎ ይፈርማል። ባልየው ራሱ በትዳር ስፖንሰር ተደርጎ የገባ ቢሆን ኖሮ የመኖሪያ ፈቃዱን ካገኘ አምስት ዓመት እስኪሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም ነበር፤ ይሄኛው ግን በስደት ስለገባ አይመለከተውም።

ስለዚህ "ቶሎ አገርሽ ግቢ" የሚለው ምክር ገደል ነው። ከውስጥ ሆኖ ያመለከተ ሰው ከወጣ ተመልሶ ለመግባቱ ማንም ዋስትና አይሰጠውም። ወንጀል ካለ፣ ተባርሮ ያለፈቃድ ተመልሶ የገባ ከሆነ ወይም በማጭበርበር የመጣ ከሆነ ግን መመሪያው አያድነውም። የመባረር ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅም አደጋ ነው። ደግሞ ከውስጥ ያመለከተ ሰው ቢከለከል ወደ ስደተኞች ይግባኝ ሰሚው አይሄድም፤ የሚቀረው ፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ የሚገባው ማመልከቻ ንጹሕ መሆን አለበት።

(አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን እዚያ እንዳትገለብጡት። እዚያ በቪዛ የገባ ሰው ጊዜው ቢያልፍበትም የዜጋ ባል ወይም ሚስት ከሆነ እዚያው ማመልከት ይችላል፤ የግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ግን በአብዛኛው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ደግሞ ከ180 ቀን በላይ ያለፈበት ሰው ከወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው አሥር ዓመት በር ይዘጋበታል።)

ይህን ስነግራት ተንፈስ አለች። "እፎይ! እንግዲያው ልጅቷን ለጊዜው ሳልጠቅስ…" ብላ ጀመረች። አቋረጥኳት።

"ለመሆኑ ለሠርጉ ቪዛ ስትጠይቂ ስለ ቤተሰብሽ ቅጽ ሞልተሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ልጆች የሚለው ላይ ምን ጻፍሽ?"

ዝም አለች። በመጨረሻ "የልጄን ስም ጽፌያለሁ" አለች። "ልጅ ካለሽ ትመለሻለች ብለው ያምኑሻል ስላሉኝ…"

አያችሁ? "የኔ እህት" አልኳት፣ "ልጅሽን የካናዳ መንግሥት ያውቃታል። የማያውቃት ባልሽ ብቻ ነው።"

እያለቀሰች "ቢተወኝስ?" አለችኝ። አይተውሽም ብዬ ልዋሻት? ሊተዋት ይችላል። ማመልከቻው የሚቆመው አብረው ሲኖሩ ነው፤ እሱ ከወጣ ትዳሩም ወረቀቱም አብረው ይወድቃሉ። ግን ሌላውንም መንገድ እስቲ እንየው። ዋሽታ ብትይዝ፣ የመጀመሪያው ቅጽ ፋይሏ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ሐሰት የተገኘበት አመልካች አምስት ዓመት ይታገዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ባይታወቅባት ነው! እናት ስታመለክት ያልተመዘገበችና ያልተመረመረች ልጅ፣ በኋላ በቤተሰብ መንገድ እንዳትመጣ ደንቡ ይዘጋባታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለተወሰኑ ሰዎች ማላላት የተጀመረ ቢሆንም፣ የልጅ ዕጣ በምሕረት ተስፋ ላይ አይጣልም። ወረቀቷ በሠመረ ቁጥር ልጅቷ ዕድሜ ልኳን "አክስቴ" እንዳለች ትቀራለች ማለት ነው።

እውነቱን ከተናገረችስ? ያላገባች ከ22 ዓመት በታች ያለች ልጅ ነቀምቴ ሆናም በእናቷ ማመልከቻ ላይ ትካተታለች፣ ሕክምና ትመረመራለች። የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ልጅቷ እንድትሄድ የአባትየው ስምምነትም ይፈለጋል፤ ያንን የደምቢ ዶሎ ሰው መፈለግ ሊኖርባት ነው። ወረቀቱ ካላጠገባቸው የዘረመል ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል። ብር የሚከፈለው ደግሞ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ወይም አማካሪ ብቻ ነው፤ ቅጹን መንግሥት በነፃ ነው የሚሰጠው።

"ግን ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት" አልኳት፣ "ዛሬ ማታ እራት አቅርቢና ንገሪው። ከጠበቃው ቢሮ እንዳይሰማው። ሰው የሚቀየመው ባለፈው ነገር ሳይሆን በተቀለደበት ነገር ነው።"

መልስ ሳትሰጠኝ ስልኩ ተዘጋ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እማማ ደወሉልኝ። ነግራዋለች። አራት ቀን ወንድሟ ቤት ሄዶ አደረ። ከጊምቢ ሽማግሌዎቹ በስልክ ተናገሩት፣ አልሰማቸውም። በአምስተኛው ቀን ተመለሰ፤ አኩርፏል፣ ብዙም አያናግራትም። "ታረቁ?" አልኳቸው።

"ምኑን! ገና ነው" አሉኝ። "ግን ትናንት ማታ ደውሎ፣ የልጅቷን የልደት ወረቀት ላኩልኝ ያለው እሱ ራሱ ነው። ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ።"

ማመልከቻው ገና አልገባም፤ ሲገባም ምን እንደሚባል አላውቅም። ልጅቷስ አልኳቸው። ስልክ ሲደወል እንደ በፊቱ መጀመሪያ "ማን አለ?" ብላ ትጠይቃለች አሉኝ። ልማድ ቶሎ አይለቅም። እናቷ ግን አሁን "ማንም ይኑር፣ እማዬ በዪኝ" ትላታለች አሉ።

እናንተም ቅጽ የምትሞሉ፣ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ቤታችሁን ጠይቁ። እስከ ሳምንት በቸር ሰንብቱ!