ክትባቱ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ አይቁም

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ። ብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ትምህርት ቤት ስለነበር ከታቢዎች ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ተማሪው እጅጌውን ሰብስቦ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ይወጋል።

ፈንጣጣን ያጠፋው ግን የተማሪ ሰልፍ ብቻ አይደለም። የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ስለዚህ የዘመቻው ሠራተኞች በሽተኛው ያለበት መንደር ድረስ እየሄዱ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከተቡ። የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ።

ዛሬም ተመሳሳይ ሥራ ከፊታችን አለ። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ተቋም ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጡ እናቶች እዚያ ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ ብዙዎቹ የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ይህን በሽታ በአብዛኛው የሚከላከል ክትባት አለ። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዙር እንዲሰጥ ሆነ። ዋናው የመስጫ ቦታ አሁንም ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤት የማትሄደዋስ? ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራው የ12 ዓመት ልጅ፣ ጎዳና ላይ ቆሎ የምትሸጠው፣ ታናናሾቿን የምትጠብቀው? ለመታመም ከተማሪዋ እኩል ተጋላጭ ነች፤ ስትታመም ደግሞ ለመታከም ያላት አቅም ከሁሉም ያነሰ ነው። ዘመቻው ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትንም እንደሚያካትት ይነገራል። ነገር ግን የጤና ባለሙያዋ በር ስታንኳኳ «እኛ ቤት ልጅ የለም» ከተባለች ምን ታደርጋለች? አሠሪዋ የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ልካ ስታስከትብ፣ ጓዳ ያለችውን ልጅ አልቆጠረቻትም።

«ክትባቱ ያመክናል» የሚለው ወሬም አለ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ክትባቱ መካንነት አያመጣም። ወላጅ ግን በቂ መልስ ማግኘት ያለበት መርፌው ከመምጣቱ በፊት እንጂ በዕለቱ አይደለም።

እንግዲህ ወረዳዎች የተከተቡ ተማሪዎችን ቁጥር ብቻ ሪፖርት ማድረጋቸው አይበቃም። በቀበሌው ስንት ልጃገረድ እንዳለች፣ ስንቷ እንዳልተከተበች ቆጥረው ያሳውቁ። ዕድሮች በስብሰባቸው ያንሱት። አሠሪዎችም ቤታቸው ያለችውን ልጅ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። በ1960ዎቹ መኪና በማይገባበት ገጠር የተቻለው ሥራ ልደታ ላይ አይቻልም ማለት አያስኬድም።