«ኢንተርኔቱ ነው» እያላችሁ ሰው አታስከፍሉ

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታቸው ያለው ፋይል ሰርቨር ፎልደር ለመክፈት ዘገየባቸውና ዕቃ የሚሸጥላቸውን ልጅ አማከሩ። የኢንተርኔት ፓኬጁን በእጥፍ አሳደጉ፤ ለውጥ የለም። ራውተር ቀየሩ፤ ለውጥ የለም። ሦስተኛው ምክር «ጋሼ፣ ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ» ሆነ። ልጁ አንድም ቀን መጥቶ አላየውም።

የእናታቸው ሙት ዓመት ደርሶ ፎቷቸውን አሳድገን ለማሳጠብ ቤት ተሰብስበን ነበር። ወደ 5,000 ፎቶ የያዘውን ፎልደር ስንከፍት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ አረንጓዴዋ መስመር ትሳባለች።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። ሰርቨሩም ኮምፒውተሩም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ፎቶው ከግቢ አይወጣም። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳ ፎልደሩ ይከፈታል። ታዲያ ፓኬጅ ማሳደግ በምን ሒሳብ መፍትሔ ሆነ?

ነገሩ የምልልስ ብዛት ነው። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ «የፋይሎቹን ዝርዝር ስጡኝ» ብትሉ ወዲያው ታገኛላችሁ። «እያንዳንዱን ፋይል አውጥታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ አሳዩኝ» ካላችሁ ግን ይመሽባችኋል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ብታሰፉት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አትፈጥንም። ዊንዶውስም ፎልደሩን የፎቶ ነው ብሎ ከፈረጀ ሳትጠይቁት ሁለተኛውን ያደርጋል፤ ትንንሽ ምስል ለማሳየትና የተነሳበትን ቀን ለማንበብ የየፎቶውን ሆድ ይከፍታል። ተራ ሀርድ ዲስክ እንዲህ ያለውን የተበታተነ ንባብ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ቢሠራ ነው። 5,000 ፎቶ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነካ 50 ሰከንድ ማለት ነው። ዋይፋይ ደግሞ በየጥያቄው የራሱን ሚሊሰከንዶች ይጨምራል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ፊልም ከሰርቨሩ ኮፒ አድርጉ። ፊልሙ በፍጥነት መጥቶ ፎልደሩ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ከዚያ «ፒክቸርስ» የሚለውን ወደ «ጀነራል አይተምስ» ቀይሩ። ዕይታውን ዲቴይልስ አድርጉት፤ ፎቶ በተነሳበት ቀን አትደርድሩ። ፎቶውን በየዓመቱ ከፋፍሉ። ከተቻለ በኬብል አገናኙ። ሰርቨሩ በጣም የቆየ ከሆነ ኤስኤምቢ የሚባለውን የመነጋገሪያ ቋንቋ የመጀመሪያ ስሪት አጥፉ፤ ምልልስ ያበዛል፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይም በእሱ ቀዳዳ ነው የተዛመተው።

«ሻጭም እንጀራው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፣ ይሽጥ። አንዳንዴም እውነቱን ነው፤ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ፊልሙም ይጎተታል፣ ያኔ ፎቶውን ሌላ ቦታ ገልብጦ አዲስ መግዛት ነው። ነገር ግን ሳይለካ በጡረተኛ ኪስ መሞከር ንግድ አይባልም።

የእማማን ፎቶ አገኘነው፤ ማስተካከሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አጎቴ እጥፉን ፓኬጅ እስካሁን ይከፍላሉ።