ጠላት የሌለው ሞት

በሀገራችን ሐውልት የሚቆምለት ሟች አስቀድሞ ጠላት ሊኖረው የግድ ይመስላል። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሲያወሳ ፋሺስት ጣሊያንንም አብሮ ያወሳል። በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ፊት የቆመ ሰው፣ በዐይኑ ባያያቸውም፣ ተኳሾቹን ያስባቸዋል። ወደ ባሕር ዳር ብንመጣም ያው ነው፤ በዓባይ ዳር ጎልቶ የሚታየው የሰማዕታት ሐውልት ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ ነው። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ በኋላ ደግሞ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ተጠራ። ስሙ ተለወጠ እንጂ አሮጌውም አዲሱም ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው።

በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ስለ ሀገሩ የወደቀውን ማክበር ተገቢ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገዳይ የሌለው ሟችስ? እርሱን ማን ያስታውሰው?

አንባቢ ሆይ፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውስህ። ዐደይ አበባ የፈካበት፣ አዲሱ ዓመት ገና አምስት ቀን የሆነው ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር አርፎ፣ ወደ አስመራ ሊቀጥል ነው። ቦይንግ 737 ነው፤ 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረውበታል። ዘመኑ የጦርነት ነው። አፍዓበት ከወደቀች ስድስት ወር ሆኗታል። ምድሩ ጦር ሜዳ ሲሆን ወደ አስመራ የሚሄድ ሰው ሰማዩን መተማመኑ አይፈረድበትም።

አውሮፕላኑ ከመሬት በሚነሣበት ቅጽበት የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በቆላ ያለውን ያህል ጉልበት አያገኝም። አንደኛው ሞተር ወዲያው ደከመ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመለሱ ሲዞሩ ሁለተኛውም ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማዎቹን ሳይዘረጋ ከከተማዋ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣበት። 35 መንገደኞች ሞቱ። 63 መንገደኞችና ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተረፉ።

በእኛ ዘንድ ርግብ ምንድን ናት? የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረች፣ በዮርዳኖስ የመንፈስ ቅዱስ አምሳል ሆና የተሣለች፣ የየዋህነት ምሳሌ ናት። ያ ሁሉ መድፍና ሚግ በሰሜን ሰማይና ምድር በሚያጓራበት ዓመት፣ ወደ ጦርነቱ ከተማ የሚበረውን አውሮፕላን የጣለው ጥይት አልነበረም፤ ርግብ ነበረች። እርሷም አብራ ሞተች። ታዲያ ማን ይረገም? በማን ይፎከር? ማንስ ፍርድ ቤት ይቁም?

ይህ ሞት ከትውስታችን የራቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲያልቁ ዓለም ሁሉ ሰማ። በቀጣዩ ዓመት የሟቾቹ ቤተሰቦች የልጆቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከቦይንግ ኃላፊ ጀርባ ቆሙ። ደግ አደረጉ። ነገር ግን እናስተውል፤ እነርሱ የሚጠይቁት አካል ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ባለበት የሟች ስም በየችሎቱ ይነሣል። ተከሳሽ በሌለበት ግን ስሙ ከእናት ጓዳ አይወጣም፤ እናት ስታልፍ ደግሞ አብሯት ያልፋል።

ሌላም አለ። በጥር 2001 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የዝይ መንጋ የአንድ አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች አጠፋ፤ ካፒቴን ሰለንበርገር ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። መጽሐፍ ተጻፈ፤ ፊልም ተሠራ። ከእኛም ወገን ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት አስቀድሞ በጣና ዳር ሁለት ሞተር ከድቷቸው 69 ነፍስ ይዘው ምድር የደረሱትን የራሳችንን ሰዎች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሌላውን ተአምር በቃል ይዘን የራሳችንን መርሳት ምን ይባላል?

ጠላት ሳይጠራ መታሰቢያ ማቆም ይቻላል ወይ ለሚለኝ አንድ ምሳሌ አለኝ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር ውስጥ፣ በክደን ፓይክ የሚባል ዛፍ የማይታይበት ውርጫም ገላጣ ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 ከፖላንድ የተሰደዱ ስድስት የአየር ኃይል ባልደረቦች በዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ሲለማመዱ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ከዚህ ተራራ ጋር ተላተሙ። ጀርመን አልተኮሰባቸውም፤ ልምምድ ላይ ነበሩ። አምስቱ ሞቱ። የተረፈው ዮዜፍ ፉስኒያክ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ እየዳኸ ሳለ በበረዶው ላይ የቀበሮ ዳና አየ። በእንዲህ ያለ ብርድ ቀበሮ ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው መንደር ይወርዳል ብሎ ዳናውን ተከተለ፤ ተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያ ከፍታ ላይ ለጓዶቹ የድንጋይ መስቀል አቆመ። ከሥሩም ከነሐስ የተሠራች ትንሽ የቀበሮ ራስ አኖረ። ያ ድንጋይ የሞቱትን ይጠራል፤ ቀበሮዋን ያመሰግናል፤ ፉከራ የለበትም። በጦርነት መካከል ለደረሰ፣ ነገር ግን ጠላት ላላደረሰው ሞት ከዚህ የተሻለ ሐውልት አላውቅም።

“ሚሊዮኖች በጦርነትና በረሃብ ባለቁባት ሀገር ስለ 35 ሰው ድንጋይ ይቆማል?” የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። የእኔ መልስ ግን ከዚያው ከብዛቱ ይነሣል። ሚሊዮን ስም ማንበብ አንችልም፤ ስለዚህ ቁጥር ብቻ እንይዛለን። ቁጥር ደግሞ አያስለቅስም። 35 ስም ግን አንድ ሰው ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይደክም አንብቦ ይጨርሰዋል። በቅርብ ዓመታት ሞት በዜና እንደ እህል ዋጋ ሲነገረን ለምደናል። ሠላሳ አምስቱን አንድ በአንድ መጥራት ያልቻለ ሕዝብ የሚበልጡትን እንዴት ይጠራል?

ደግሞም ይህ ውኃ ሟችን መጠበቅ ያውቅበታል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲል ዐፅም በክብር ተቀምጧል። ነገሥታቱን ደሴቲቱ ትጠብቃቸው፤ የተራው መንገደኛ ጠባቂ ግን እኛ ነን። በፍትሐት ጊዜ ካህኑ የሟቹን ክርስትና ስም እየጠራ ይጸልያል፤ አልቃሿም በስሙ ትጠራዋለች። ባህላችን ስም አልባ ሙሾ አያውቅም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። መንገደኛ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ቦታ አንድ ድንጋይ ይቁም፤ ቀኑና 35ቱ ስሞች ይቀረጹበት። “ሰማዕት” አይባሉ፤ ሰማዕት አልነበሩም። “ጀግና” አይባሉ፤ ወደ ዘመድ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ርግብ ትቀረጽ፤ ለከሳሽነት ሳይሆን፣ እውነቱ እንዲህ ነበር ለማለት። ጽሑፉም በአማርኛና በትግርኛ ይሁን።

በትግርኛ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ በረራ መድረሻ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ ሀገር ዋና ከተማ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ለሃያ ዓመት ተዘግቶ የነበረው የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ሲከፈት ተላቀስን፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ በረራውን መልሶ አቋረጠ። ከዚህም ከዚያም የቆሙት ሐውልቶች አንዱ የሌላውን ልጅ የገደለበትን ቀን ያስታውሳሉ። አስመሬና ጎጃሜ አጠገብ ላጠገብ ቆመው፣ ማንም በማንም ላይ ጣቱን ሳይቀስር፣ አብረው ሊያለቅሱበት የሚችሉበት ድንጋይ የቱ ነው? ጠላት የሌለው ሞት እስከ ዛሬ ባለቤት አጥቶ ኖሯል። ለሁላችንም የሚሆን ሐዘን ግን እርሱ ብቻ ነው።