ፎርማት ከማድረጋችን በፊት መልእክቱን እናንብ

ሶፍትዌር አልጫን ሲል ብዙዎቻችን ሌላ መድኃኒት የሌለ ይመስል «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ለሰርዶ ልጅ ፎርማት ማለት ላፕቶፑን ይዞ ሰመራ ድረስ መሄድ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ለአደጋ ማጋለጥና ሁሉንም በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረድ ነው።

ስሕተቱ ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ዊንዶውስ 1618 ሲል «ሌላ ጭነት አላለቀም፣ ጠብቅ» ማለቱ እንጂ ተበላሽቻለሁ ማለቱ አይደለም። የድሮ ሲዲ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እምቢ ካለም መጫኛው ባለ 16 ቢት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ፎርማት አያድነውም።

የሚገርመው የቀን ጉዳይ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ያኔ የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ይባልና ከኢንተርኔት የሚወርደው ሁሉ ይከሽፋል። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከል ብቻ!

ፎርማት ጨርሶ አያስፈልግም አልልም፤ ቫይረስ ሲስተሙን ከበላው ምን ይደረጋል? ግን አስቀድመን መልእክቱን እናንብ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እንጻፍ፣ ፋይላችንን ፍላሽ ላይ እንገልብጥ። ዲፓርትመንታችንም በላብ ሰዓት እንዴት እንደሚጫን ብቻ ሳይሆን፣ አልጫን ሲል ምን እንደሚደረግም ቢያስተምረን እላለሁ።