እውነትን የያዘ ሰው ለምን ይሳደባል?

የምንባብ ክፍል፦ መሳፍንት 8፥1-3፤ 12፥1-6፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15-16



በሆጤም ሆነ በኮምቦልቻ የሚኖር የወንጌል አማኝ የሚያውቃቸው ቃላት አሉ፤ «ጴንጤ»፣ «መጤ»፣ «የፈረንጅ ሃይማኖት»፣ «ማርያምን የማይወዱ»። መሰደብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጌታችንም አስቀድሞ ነግሮናል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ስድብን በስድብ መመለስን የእምነት ጀግንነት አድርገው የሚያስተምሩ በመካከላችን ተነሥተዋል። በቲክቶክ ቀርበው የሌላውን ሃይማኖት አባቶች ያንቋሽሹና «ለወንጌል እየተጋደልን ነው» ይላሉ። ያጨበጨበላቸው ሲበዛ ደግሞ እግዚአብሔር የባረካቸው ይመስላቸዋል። እኛ ግን ይህ ለወንጌል መጋደል አይደለም እንላለን። ወንጌልን በወንጌል ጠባይ ካልሆነ በሌላ ጠባይ መጠበቅ አይቻልም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ከአንድ ነገድ አንድ ዓይነት ክስ ቀርቦባቸዋል። የኤፍሬም ሰዎች መጀመሪያ ወደ ጌዴዎን መጡና ከምድያም ጋር ሲዋጋ ስላልጠራቸው አጥብቀው ተጣሉት። ጌዴዎን ድሉን ያገኘ ሰው ነውና የሚመልሰው አላጣም። እርሱ ግን የእነርሱን ሥራ ከራሱ ሥራ አስበልጦ ተናገረ፤ የምድያምን መኳንንት የያዛችሁ እናንተ ናችሁ አላቸው። ቁጣቸው በረደ። አንድም ሰው አልሞተም።

ከዓመታት በኋላ ያው የኤፍሬም ነገድ ያንኑ ክስ ይዞ ወደ ዮፍታሔ መጣ። እውነት ነው፣ በዚህኛው ጊዜ ቤትህን እናቃጥላለን የሚል ዛቻም ጨመሩበት። ዮፍታሔ ጠርቻችሁ አልመጣችሁም ብሎ መለሰ። በቃሉ መሠረት እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር። ግን ክርክሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ሠራዊት ሰበሰበ። በዮርዳኖስ መሻገሪያ አንዲት ቃል አጥርቶ መናገር ያቃተው ሁሉ ታረደ፤ የወደቁትም 42 ሺህ ነበሩ፣ ያውም ወንድማማቾች! ልብ በሉ፣ ትክክል መሆን ብቻውን ከደም አላዳነም።

ጌዴዎንም ቢሆን በተፈጥሮው ለስላሳ ሰው ስለ ነበረ እንዳይመስለን። በዚያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ የተሳለቁበትን የሱኮትን ሽማግሌዎች በእሾህ ሲቀጣ እናነባለን። እንግዲህ ቸርነት የጠባይ ዕድል አይደለም። በእያንዳንዱ ቀን፣ በእያንዳንዱ ክስ ፊት እንደ አዲስ የሚመረጥ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለውን ቦሩ ሜዳን ደግሞ እንመልከት። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ቦታ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ አድርገዋል። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ለረጅም ዘመን የቆየው ክርክር በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ። በዚያም አላበቃም፤ የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙው ሸሸ፣ አንዳንዱም ሸፈተ፣ ሌላው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ንጉሡ ያሰቡት የአገር አንድነትን ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበት ልብን ሊለውጥ አልቻለም። ዛሬ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ከአቦል እስከ በረካ አብረው የሚጠጡት በጉርብትና፣ በጋብቻና በመከባበር እንጂ በዐዋጅ አይደለም።

ይህን የምንለው በሌላው ቤት ላይ ለመፍረድ አይደለም። የተሐድሶ ልጆች ነን የምንል ሰዎች በ1553 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ከተማ ሚካኤል ሰርቬቱስን ስለ ትምህርቱ በእሳት እንዳቃጠለ ማስታወስ ይገባናል። ትምህርቱ ስሕተት ነበር፤ እሳቱ ግን ትምህርቱን አላረመም።

በዚያው በቦሩ ሜዳ በኋለኛው ዘመን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ሆስፒታል አቋቁመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አከሙ። ከሰው መንደር የተገለለው ሰው ቁስሉን የሚያጥብለት አገኘ። አንድ ቦታ፣ ሁለት መንገድ! ዛሬ በስድብ «እውነትን እንመሰክራለን» የሚሉ ወገኖች የትኛውን መንገድ እንደ ያዙ ራሳቸውን ይጠይቁ።

«ጌታ ራሱ ፈሪሳውያንን አልገሠጸም ወይ? ገበታ አልገለበጠም ወይ?» የሚሉ አሉ። አዎን፣ አድርጓል። ግን ለማን ብሎ እንደ ተቆጣ እንመልከት። የተቆጣው የመበለት ቤት ስለ ተበላ፣ የጸሎት ቤትም የወንበዴ ዋሻ ስለ ሆነ ነው። እርሱ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ያደረገው ምን ነበር? ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክርብኝ፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23)። ስለ ሌላው ተቆጣ፣ ስለ ራሱ ታገሠ። በመካከላችን ያሉት ተሳዳቢዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ድሃ ሲበደል ዝም ይላሉ፣ ስማቸው ሲነካ ግን እሳት ይተፋሉ።

ሌላም ሕመም አለ። አገልጋይ ሲተች «የተቀባውን አትንኩ» ይባላል። ጠያቂው «የአመፅ መንፈስ አለበት» ተብሎ ከወንበሩ ይነሣል። መዝሙር 105 ግን የሚናገረው በባዕድ አገር ይንከራተቱ ስለ ነበሩት አባቶች፣ ነገሥታት ጉዳት እንዳያደርሱባቸው ስለ መጠበቃቸው ነው። ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ትምህርት ጥራት የሚጠይቅ ምእመንን አፍ ለማስያዝ የተሰጠ ጥቅስ አይደለም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል እንኳ በመጻሕፍት መርምረው ተመሰገኑ (ሐዋ. 17፥11)። ጳውሎስ ከተመረመረ ማን ነው የማይመረመር?

ቸርነት ግን ዝምታ አይደለም። በአገራችን ብዙ ቦታዎች የወንጌል አማኞች የመቀበሪያ ቦታ ተከልክለዋል፤ ከዕድርም ተገልለዋል። ይህ በደል ነው፤ በደል ሊባልም ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ያረጋግጣል፤ ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። መብታችንን በማመልከቻ፣ በሽማግሌ፣ በፍርድ ቤት እንጠይቅ። የምንጠይቀውን ሰው ግን አናዋርድ። በወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ። ገዳይና የሟች ወገን በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጋገር ከቻሉ፣ በመስቀሉ ታርቀናል የምንል በአንድ የስድብ ቃል እንዴት ጎረቤታችንን እናጣለን?

እንግዲህ ትችት ሲመጣ ምን እናድርግ? አስቀድመን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ምሳሌ 18፥13 ያስተምረናል። ቀጥሎም ከክሱ ውስጥ እውነት የሆነውን እንለይ። «ማርያምን አትወዱም» ሲሉን በንዴት ከመነሣት፣ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚላት በሉቃስ 1፥48 የተጻፈውን እንደምናምንና እንደምናከብራት እንንገራቸው፤ ልዩነታችንንም ከዚያ በኋላ በትሕትና እናስረዳ። «ጴንጤ» ሲሉንም አንደንግጥ፤ በአንጾኪያ «ክርስቲያን» የሚለውን ስም ያወጡልን የውጭ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ዛሬ የክብር ስማችን ነው። ወንድም ከበደለን ደግሞ በማቴዎስ 18፥15 እንደ ታዘዝነው መጀመሪያ ለብቻው እናነጋግረው እንጂ ጉዳዩን አደባባይ አናውጣው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በተናደድን ሰዓት መልስ አንስጥ፤ አንድ ሌሊት ይደርበት።

ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ አዝዞናል፤ መልሱም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን በዚያው አንቀጽ አዝዞናል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይዞ ሁለተኛውን የጣለ ሰው ግማሽ ታዛዥ አይባልም፤ ያልታዘዘ ነው። ይህን የጻፈውም በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቆረጠው ያው ጴጥሮስ ነው። ጆሮ የተቆረጠበት ሰው ወንጌልን በምን ይሰማል? ጌታ ያን ጆሮ መለሰለት። እኛም በዚህች ከተማ የተላክነው ለዚሁ ነው፤ ጆሮ ልንፈውስ እንጂ ልንቆርጥ አይደለም።

የሰላም አምላክ አንደበታችንን ይጠብቅ፤ የሚሰድቡንንም ይባርክ። አሜን።