ሐርጌሳ፦ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ታዳጊዎች ሳይነገራቸው የሚወስኑት ውሳኔ

በሐርጌሳ የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን በብዙ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ "ልጁ የት ይግባ?" የሚል ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይስ የግል? ክፍያውን ማን ይሸፍናል? በውጭ አገር የሚኖረው አጎት ወይስ እናት ከገበያ ሥራዋ? "ምን ይማር?" የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም።

ለዚህ ምክንያት አለው። ከሶማሊያ መለየቷን እአአ በ1991 ባወጀችው ሶማሊላንድ፣ የስምንት ዓመት ትምህርት ጨርሶ "ፎርም አንድ" ወደሚባለው የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት የሚገባ ተማሪ የትምህርት ዓይነቶቹ ተዘርዝረው ይጠብቁታል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ እና እስላማዊ ትምህርት በአንድነት ይቀርቡለታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በፎርም አራት ማብቂያ፣ ሌላ ብሔራዊ ፈተና አለ።

ከሩቅ ሲታይ እንግዲህ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን፣ የ14 እና የ15 ዓመት ታዳጊዎች በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚወስኑት፣ ይበልጡንም የሚወሰንላቸው ነገር ከባድ ነው። ከባድ የሚያደርገውም ውሳኔ መሆኑን ማንም የሚነግራቸው አለመኖሩ ነው።

ቋንቋው ሲቀየር

የመጀመሪያው ውሳኔ በትምህርት ቤት ስም ውስጥ የተደበቀ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ ስምንተኛ ክፍል የማስተማሪያው ቋንቋ ሶማልኛ ነው። ከፎርም አንድ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል። በግል ትምህርት ቤቶች ዘንድ ከታችኛው ክፍል አንስተው በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አሉ፤ ለዐረብኛ ሰፊ ቦታ የሚሰጡም አሉ። በአንድ የፎርም አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ልጆች ከዚህ የተነሳ ያንን ዓመት ከአንድ መነሻ አይጀምሩትም።

ሶማልኛ እአአ ከ1972 ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በመሆኑ፣ የሐርጌሳው ልጅ ከፊደል ጋር ችግር የለበትም። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይችላል። የሚቸግረው ያነበበውን መረዳት ነው። በሶማልኛ "ጀጀብ" ብሎ በሚገባ የተማረውን ክፍልፋይ በአዲስ ስም ሲያገኘው እንዳልተማረው ይሆንበታል። በፎርም አንድ በፊዚክስ የሚወድቅ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ የወደቀው በእንግሊዝኛ ነው ማለት ይቻላል። እርሱ ግን ራሱን "ሳይንስ የማይሆንለት ልጅ" አድርጎ ይመዘግባል። ይህ ግምት አንዴ ከተያዘ አራቱን ዓመታት አብሮት ይዘልቃል። ሁሉንም ትምህርት የመውሰድ ግዴታ ስላለበት ሳይንስን በወረቀት አይተወውም፤ በልቡ ግን ይተወዋል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር የሚፋጠጥ የኢትዮጵያ ተማሪ ያው ገደል ይጠብቀዋል። በሐርጌሳ ይበልጥ የሚታሰበው ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ የተነሱበት ሁኔታ ነው። ከተማዋ እአአ በ1988 በዚያድ ባሬ ጦር በአየርና በከባድ መሣሪያ ተደብድባ ፈርሳለች። ከ1991 በኋላ ትምህርት የተጀመረው ከፍርስራሽ ነው። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት በ1998 የቦረማው አሙድ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት፣ የዚያን ጊዜ ጭንቀት ለወጣቱ መማሪያ ቦታ መገኘቱ ላይ ነበር። "የትኛውን ትምህርት?" የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ይመስል ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዝተዋል።

በሌሎች እጅ ያሉ በሮች

ሁለተኛው ውሳኔ መድረሻን የሚመለከት ነው። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ፎርም አንድ ሲያስመዘግብ በልቡ አንድ አገር ይዟል። ላለፉት ዓመታት ከታዩት ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱን ብቻ መመልከት በቂ ነው።

በዐረብኛ ለጠነከሩ ተማሪዎች ሱዳን የተለመደች መዳረሻ ነበረች። ካርቱም ቅርብ ናት፣ ኑሮው ከሌሎች አገሮች ይቀላል፣ ዩኒቨርሲቲዎቿም ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ተማሪዎች በራቸው ክፍት ነበር። እአአ ሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ግን ያ መንገድ በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። የውጭ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ከከተማዋ ወጡ። በዚያ ዓመት ፎርም ሁለት ወይም ሦስት የነበረና ካርቱምን እያሰበ በዐረብኛ ላይ ያተኮረ ተማሪ፣ እቅዱን ያፈረሰበት የራሱ ጥፋት አልነበረም።

በእንግሊዝኛ ለጠነከሩት ደግሞ የአባርሶ ትምህርት ቤት አለ። ከሐርጌሳ በስተምዕራብ የሚገኘውን ይህን አዳሪ ትምህርት ቤት እአአ በ2009 የመሠረተው ጆናታን ስታር የተባለ አሜሪካዊ የቀድሞ የፋይናንስ ባለሙያ ነው። ከትምህርት ቤቱ የወጡ ተማሪዎች በታወቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል፤ ይህም ለመላው ሶማሊላንድ ትልቅ ዜና ነበር። ነገር ግን ዋሽንግተን ለሐርጌሳ እውቅና ባለመስጠቷ ሶማሊላንዳዊ ተማሪ ቪዛ ሲጠይቅ የሚታየው እንደ ሶማሊያ ዜጋ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2017፣ ከዚያም በሰኔ 2025 የሶማሊያን ዜጎች የጉዞ እገዳ ውስጥ ሲያስገባ፣ እገዳው ለሐርጌሳ ልጆችም ተረፈ።

ኢትዮጵያ ሦስተኛዋ መንገድ ናት። ከሐርጌሳ ተነስቶ በወጃሌ በኩል ጅግጅጋ ለመድረስ የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይፈጅም። ዳሩ ግን የፎርም አራት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ዓለም በሰፊው እውቅና ባልሰጠው አስተዳደር የፈተና ቦርድ ነው፤ ተቀባዩ ተቋም ወረቀቱን የሚመለከትበት ዓይንም በየአገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ በውጭ አገር ለተገኘ የትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ይህን ጥያቄ በፎርም አንድ የጠየቀ ቤተሰብ አራት ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ አለው። ብዙዎች ግን የሚጠይቁት ወረቀቱን በእጃቸው ከያዙ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ውጭ አገርን አታስቡ የሚል አይደለም። አንድን በር ብቻ አስቦ ሌሎቹን ትምህርቶች ችላ ማለት፣ የበሩ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ላለ ታዳጊ አደገኛ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

ምርጫ ቢሰጣቸውስ?

በአካባቢው ያሉ ሁለት አገሮች ለተማሪው መንገድ የመምረጥ ዕድል ሰጥተዋል፤ የሁለቱም ልምድ ለሐርጌሳ ሊጠቅም ይችላል።

በኢትዮጵያ ተማሪዎች 11ኛ ክፍል ሲደርሱ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ጎራ ይመርጣሉ። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወስኖ ለረጅም ጊዜ ሠርቶበታል። የተማሪው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አሳይቷል። ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው በዚያ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 556,878ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 6,973 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም 1.3 በመቶ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ 6.8 በመቶው አልፏል። በአጠቃላይ ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ።

አኃዙ ብዙ ነገር ተብሎበታል። ከምርጫው አንጻር ሲታይ ግን አንድ ነገር ይጠቁማል፦ ማኅበራዊ ሳይንስ ለብዙዎች የሚወዱት መስክ ሳይሆን ከሒሳብና ከፊዚክስ የሚሸሹበት መጠለያ ሆኖ ነበር። መጠለያውም አላስጣለም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረ ልጅ በ11ኛ ክፍል "መረጠ" ሲባል፣ ምርጫው በእውነት የተደረገው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ኬንያ ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርቷ የመጀመሪያዎቹን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች እአአ በጥር 2026 ተቀብላለች። ታዳጊዎቹ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ከሦስት መስመሮች አንዱን እንዲመርጡ ተጠይቀዋል፤ እነዚህም ሳይንስና ምህንድስና፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንዲሁም ሥነ ጥበብና ስፖርት ናቸው። ሐሳቡ መልካም ነው። የሚያከራክረው፣ ስለ መስመሮቹ ለልጁ የሚያስረዳው ማን ነው፣ የመረጠውን የሚያስተምርለት መምህርስ በአቅራቢያው አለ ወይ የሚለው ነው።

ሶማሊላንድ ሁሉንም ትምህርት ለሁሉም በማስተማር መጽናቷ ታዲያ እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይ አይገባም። ሌሎች ቶሎ የሚዘጉትን በር እስከ ፎርም አራት ክፍት አድርጎ ያቆያል። ጉድለቱ በሩ ክፍት መሆኑን ተማሪው አለማወቁ ላይ ነው።

ከሐርጌሳ ወደ በርበራ

በአገር ውስጥ የሚጠብቀው ሥራ ምንድን ነው? የሶማሊላንድ ኢኮኖሚ በዋናነት የቆመው በእንስሳት ሀብት ነው። በሼክ ከተማ በኢጋድ ሥር የተቋቋመ የእንስሳት ሕክምና የቴክኒክ ትምህርት ቤት አለ። በርበራ ወደብ ላይ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ የገነባው የኮንቴይነር ተርሚናል በ2021 ተመርቋል፤ ክሬን የሚጠግን፣ ማቀዝቀዣ የሚሠራ፣ የጭነት ሰነድ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። በሐርጌሳ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ2002 የከፈቱት ሆስፒታል አዋላጆችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ከእነዚያ አዋላጆች አብዛኞቹ ትናንት የፎርም አራት ተማሪ የነበሩ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሥራዎች ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪን፣ ሒሳብን ይጠይቃሉ።

በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲ ለመክፈት ርካሹ የትምህርት መስክ ወንበርና ሰሌዳ ብቻ የሚበቃው ነው። የቢዝነስ አስተዳደርና መሰል ዲግሪዎች የበዙት ከገበያው ፍላጎት ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስላል። በፎርም ሁለት ከሳይንስ በልቡ የራቀ ልጅ የሚያርፈው እዚያ ነው። አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ፣ እርሱን የመሰሉ ብዙ ተመራቂዎች ሥራ እየፈለጉ ያገኛቸዋል።

በሐርጌሳ ሻይ ቤቶች "ታህሪብ" የሚለው ቃል የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን አልፎ ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራንያን የሚወስደው ሕገ ወጥ ጉዞ በዚህ ስም ይጠራል። ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት በ2016 ያሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ደላሎች ወጣቱን ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዱታል፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው ሊቢያ ከደረሰ በኋላ ከቤተሰቡ ነው። አጋቹን "መገፌ" ይሉታል፤ የማይስተው እንደማለት ነው። የልጁን ማስለቀቂያ ለመክፈል መሬትና ግመል የሸጡ ቤተሰቦች አሉ። ታህሪብን የወለደው የትምህርት ምርጫ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የእኩዮች ግፊትም፣ የሥራ እጦትም፣ ከአውሮፓ በስልክ የሚላከው ፎቶም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ዲግሪው ወዴት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ የተነገረው ተማሪ ቢያንስ ሳያውቅ ከግድግዳው ጋር አይጋጭም።

ሸክሙ የሚከብድባቸው ሌሎች ልጆችም በከተማዋ አሉ። ሐርጌሳ ከኢትዮጵያ የሄዱ ስደተኞችና ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ትምህርት ጀምሮ እዚያ የደረሰ ልጅ፣ ሶማልኛንና ዐረብኛን እንደ ትምህርት ዓይነት፣ እንግሊዝኛን ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ በአንድ ጊዜ መጋፈጥ አለበት። ወላጆቹ አንድ ቀን እንመለሳለን ብለው ካሰቡ ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ ተማሪ ጋር የሚያስተካክለው የትኛው ማስረጃ እንደሆነ ማወቅ ይኖርባቸዋል። ለእነርሱ የመጀመሪያው ዓመት እቅድ ከሁሉ በፊት የቋንቋ እቅድ ነው።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ተቋም ማቆም አያስፈልግም። በፎርም አንድ ምዝገባ ቀን ወላጅና ልጅ አብረው ትምህርት ቤት ይመጣሉ። በዚያ ቀን አንድ መምህር ግማሽ ሰዓት ወስዶ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለእንግሊዝኛ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው፣ ለጤናና ለእንስሳት ሕክምና የሚያበቁት የትኞቹ ትምህርቶች እንደሆኑ፣ የሒሳብ ውጤት ቢወርድ ተማሪው ራሱን ከመኮነኑ በፊት መጽሐፉን የሚያስረዳው ሰው መፈለግ እንዳለበት ሊናገር ይችላል። አሁን ባለው አሠራር ያ ቀን የሚያልፈው ደረሰኝ በመቁረጥና የደንብ ልብስ ቀለም በመንገር ነው።